ስንዝር የተራመደው ሚዶ

የያዙኝ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ ነው። ደብረ ታቦር፣ ገበያው ዳር ከነበረች ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ቀኝ ጉንጬ ጠርቶ ግራው ሳሙና እንደተቀባ፣ ሁለት የታጠቁ ሰዎች በመስታወቱ ውስጥ ታዩኝ። «መምህር፣ ለጥቂት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። እኔ ደግሞ፣ ከወኔ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፣ «ግራውን ጨርሶልኝ ብመጣስ?» አልሁ። አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው አልሳቀም። ያች ጥቂት ደቂቃ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀች።

ጥፋቴ የትምህርት ቤታችን ማባዣ ማሽን ነው። በማሽኑ የተከለከለ ወረቀት ተባዝቷል ተባለ። የክፍሉን ቁልፍ ደግሞ ካርታ አስቀምጥበታለሁ ብዬ፣ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ የወሰድሁት እኔ ነበርሁ። ቁልፍ መያዝ ደስ ይለኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ ትልቅ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል።

ያስገቡኝ ቤት ከአንድ ባለርስት የተወረሰ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከበሩ በላይ ጭንቅላት የማታስወጣ መስኮት። ገብሱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ስለዚህ ሲርበን የሚሸተን ገብስ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ሥር እየገባ ከእኛ ጋር ያድራል። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሆንን። በሩ አጠገብ ባልዲ አለ፤ አዲስ ገቢ ከባልዲው ጎን ይተኛል፤ ደንብ ነው።

ስገባ መጀመሪያ ያናገሩኝ ከጉና ግርጌ የመጡ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ የብራና መጽሐፍ አላስረክብም ብለው ነው የታሰሩት። ቀና ብለው ፊቴን አዩና «ይህ ልጅ በየትኛው ወገኑ ነው ጻድቁ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግራ ጉንጬ ላይ ሳሙናው ደርቆ ስለነበር ስስቅ ተሰነጠቀ።

የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ የጦር ሠራዊት አስር አለቃ የነበረ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና «መምህር፣ ምን ታውቃለህ?» አለኝ።

«የዓለም ወንዞችን።»

«ወንዝ ይቆየን። ሌላስ?»

ሌላ ምን አውቃለሁ? «ሲኒማ» አልሁ። በሕይወቴ ያየሁት ፊልም ከጣቶቼ አይበልጥም፤ በደንብ የማስታውሰው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን፣ እንደምነግራችሁ፣ አልጨረስሁትም።

ያን ፊልም ያየሁት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ነበረን። አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን አስጨልሞ የቆየ ፊልም ያሳየንና ከፊልሙ የረዘመ ማብራሪያ ያስከትላል። እኔ የምሄደው ለሻዩ ነበር። ያን ቀን ሻዩም ተረሳኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሰባት ተከራዮች ካሉበት ትልቅ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል ትከራያለች። በሯን ቆልፋ፣ ሚዶዋን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጋ ትተኛለች። ጠዋት ስትነሳ ሚዶው ካስቀመጠችበት ስንዝር ርቆ ታገኘዋለች። በሩ እንደተቆለፈ ነው። የተሰረቀ የለም፤ የተጎዳ የለም። በማግስቱም ሌላ ስንዝር። በቃ፣ ፍርሃቱ ሁሉ ይኸው ነው። አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ።

ይህን ስነግራቸው ከአንበሳሜ የመጣው ቅቤ ነጋዴ «ሚዶዋን ትራሷ ሥር አድርጋ አትተኛም?» አለ። እስከ ዛሬ መልስ ፈልጌለታለሁ። አላገኘሁለትም።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትንሽ ትንሽ እነግራቸዋለሁ። ተከራዮቹ ማታ አንድ ገበታ ይቀርባሉ ስል «ምን ቀረበላቸው?» ተባልሁ። ፊልሙ ላይ የቀረበው ቀጭን ሾርባ ነበር። ለተራበ ሰው ሾርባ ብል ማን ይሰማኛል? ዶሮ አቀረብሁ። መሪጌታው ቶሎ ብለው «ቀኑ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሐሙስ ነው የኔታ።»

«ደግ። ይብሉ።»

መምህራችን ያስተማረንንም እየጨመርሁ እዘላብድ ነበር። ይህን ፊልም የሠራው ሰው ጥላን እንደ ተዋናይ ማሠራት የተማረው ድምፅ ካልነበራቸው ከጥንቶቹ የጀርመን ፊልሞች ነው አልኋቸው። በእነዚያ ፊልሞች ደረጃው ተጣሞ፣ መስኮቱ ተጣሞ ይሳላል፤ የሰውየው አእምሮ መጣመሙን በቤቱ እንድናየው። ነጋዴው ግድግዳችንን ገርምሞ «ታዲያ እዚህ ምን ጎደለን?» አለ። ከሩሲያውያን ደግሞ ፊትን ከነገር ጋር መግጠም ተማረ አልሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ፊት ታሳያለህ፤ የማይስቅ፣ የማያለቅስ፣ ዝም ያለ ፊት። አስከትለህ አንድ ሳህን ሾርባ ታሳያለህ፤ ተመልካቹ «ርቦታል» ይላል። ያንኑ ፊት ደግመህ ሬሳ ሣጥን ታስከትላለህ፤ «አዝኗል» ይላል። ፊቱ ያው ፊት ነው። የሚፈርድበት አጠገቡ የተቀመጠው ነገር ነው። ይህን በሚገባ አስረዳኋቸው። አስተማሪ ነኝና፣ የማስረዳውን ነገር እኔም መረዳት አለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፊልሙ ተወደደ። ከባልዲው ጎን ተነሥቼ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ማዕዘን ተዛወርሁ። ማዕዘኑ ከባልዲው እጅግ የራቀው፣ ሁለት ግድግዳ ያለው ቦታ ነው። ባላባት ሆንሁ ማለት ነው።

አንድ ሰው ብቻ የማያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር። የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው፤ ከአርሲ ወገን የመጣ ረጅም ሰው። ከገሳይ እስከ ጉና በበቅሎ እየዞረ በጉንም ላሙንም ሲወጋ የኖረ ነው፤ ከመርፌው ጋር የሸፈቱ ሰዎችን ደብዳቤ ያመላልሳል ብለው ያዙት። ለቀልድ «ዶክተር» እንለው ነበር። እኔ ሳወራ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጎኑን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። የአውሪ ቅናት ክፉ ነው። የሌላው ሰው ሁሉ አፍ ተከፍቶ ሳለ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ጎን ነበር።

ከዚያ የእርሳሷ ነገር መጣ። ከግድግዳው ላላ ካለ አንድ ድንጋይ ኋላ የጣት አንጓ የምታህል እርሳስ ደብቀን ነበር፤ በሲጋራ ወረቀት ለየቤታችን ቃል የምንልክባት። አንድ ጠዋት ጠባቂዎች ገቡ። ቤቱን አልፈተሹም፤ አንድ ጨርቅ አላገላበጡም። በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ሄደው እርሳሷን አወጡ። አስር አለቃውን ይዘው ወጡ። ከሰዓት ሲመልሱት በእግሩ መቆም አልቻለም። ሁሉም አንድ ነገር ያስብ ነበር፤ ከመካከላችን የነገራቸው አለ።

በማግስቱ ፊልሙን ቀጥል አሉኝ። ሴትዮዋ ከተከራዮቹ አንዱን፣ ዝምተኛውን፣ የጠረጠረችበት ቦታ ደርሼ ነበር። መሪጌታው «ይህ ሰው ፊቱ ሲታይ ሁለት ዓይን ነው አንድ?» አሉኝ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕት የሚያሰቃይ ወታደር በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። የኔታ በዚህ ደንብ ስንት ግድግዳ ሙሉ ሰው ለይተዋል።

አሰብሁት። እውነትም ያ ተከራይ አንድም ጊዜ ፊት ለፊት አልታየም። «አንድ ነው የኔታ» አልሁ፤ መምህራችን ያላየውን በማየቴ ተደነቅሁ።

«እንግዲያውስ እሱ ነው።»

ነጋዴው «አንድ ዓይን ያለው እኛም ዘንድ አይጠፋም» አለ። እኔም፣ ሳቅ የለመድሁት እኔ፣ «ዶክተርን ከጎኑ በቀር ያየው አለ?» አልሁ።

ሳቁ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ቶሎ ቆመ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ በሩን እንዳየ ነው፤ አይስቅ፣ አይቆጣ። አጠገቡ ያን ተከራይ አስቀምጬለት ነበርና ሁሉም ዝም ባለው ፊቱ ላይ አንድ ነገር አነበበ።

የእኛ ማዕድ ማለት ከየቤቱ የመጣው ስንቅ በአንድ ሳፋ ተደባልቆ ሁሉም እኩል የሚበላበት ነው። ጠያቂ የሌለው፣ እንደ ዶክተር ያለው፣ የመንግሥት ዳቦውን ይጨምራል። ማዕዱ ሆድ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው የቤተሰቡን ስምና አገሩን ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ እንደ ጸሎት ይሸመድደዋል፤ አንዱ ቢወሰድ ሌላው ቃል ያደርሳል። ያኔ ሰው ሲወሰድ ለቤተሰብ የሚነግር ባለሥልጣን አልነበረም።

በማግስቱ ምሳ ላይ አስር አለቃው ያበጠ እግሩን ዘርግቶ «ዶክተር፣ አንተ ለብቻህ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ዶክተርም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ዳቦውን ይዞ ወደ ባልዲው ሄደ፤ መኝታውም እዚያው ሆነ። የቤተሰቡን ስም በአደራ ይዞለት የነበረው ጎረቤቱ ከሳምንት በፊት ወደ ጎንደር ተዛውሯል። የእሱን ነገር የሚያውቅ አንድም ሰው በቤቱ አልቀረም።

ከስምንት ቀን በኋላ ወደ ባልዲው ሄድሁና ስጨርስ አጠገቡ ተቀመጥሁ። አጥንቱ መቆጠር ጀምሯል። «ለምን ፊት ለፊት አታየኝም?» አልሁት በሹክሹክታ። መልስ የለም። በሌላው ጎኑ ዞሬ ደገምሁለት።

«በዚያኛው አልሰማም» አለኝ። በምርመራ ጊዜ በጫማ ጆሮውን መትተውታል። «ሲኒማህ እንዳያመልጠኝ ደህናውን ጆሮ ነው የምሰጥህ። ስታወራ ደግሞ ትቸኩላለህ።»

እኔን የምለው ሲጠፋኝ ያየ ሰው በደብረ ታቦር ጥቂት ነው።

«ተከራዩን ካባረሩት በኋላ ሚዶው ደግሞ ተንቀሳቀሰ፤ አይደል?» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። የተባረርሁት እኔ ነኝ። ይህን ማወቅ አይቸግረኝም።»

እውነት ነበር። ሰውየውን በረዶ ውስጥ ያባርሩታል፤ በማግስቱ ሚዶው ስንዝር ርቆ ይገኛል። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም» አልሁት። «ያን ሳይ ሽንቴ መጣ ብዬ ከአዳራሹ ወጣሁ። እስከ መኝታ ክፍሌ ድረስ ሮጥሁ።»

ሳቀ፤ በአፍንጫው ብቻ። «እና ይህን ከነገርሃቸው ሲኒማው አለቀ።»

«አለቀ።»

«ማዕዘኑም።»

ዓይኔ ወደ ማዕዘኑ ሄደ።

«ይሞቃል?»

«ከዚህ ይሻላል።»

«እንግዲህ አስብበት» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የአዛውንት ምክር ይመስል ነበር። «እኔ የምጨነቀው ለዳቦው አይደለም። እናት አለችኝ። መሞቴን ሳትሰማ በየዓመቱ በዓል ስትጠብቀኝ ይታየኛል።» ያኔ የት ናት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ አስር አለቃው ወደ እኛ ሲያይ አየሁትና ተነሣሁ።

አራት ቀን አሰብሁበት። በእነዚያ አራት ቀናት ፊልሙ ላይ የሌለ ሠርግ ደገስሁ፤ ውሻ አመጣሁ፤ ሴትዮዋን በባቡር ወስጄ መለስሁ። ነጋዴው «ይች ሴት ሚዶዋን ረሳችው እንዴ?» እስኪል ድረስ። ማታ ማዕዘኔ ውስጥ ተጠቅልዬ ስተኛ ሁለቱ ግድግዳዎች ደግፈው ይይዙኛል። ሰው በሁለት ግድግዳ ይገዛል ብትሉኝ ያኔ አላምንም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ነገርኋቸው። ተከራዩ ሻንጣውን ይዞ በበረዶ ሄደ፤ ሴትዮዋ ቆልፋ ተኛች፤ ጠዋት ሚዶው ስንዝር ርቆ ነበር። «ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያ የለም። ፈርቼ ሮጫለሁ» አልሁ። የዶክተርን ጆሮ ነገርኋቸው። ቀልዱ የእኔ እንደነበረ፣ ማስረጃ የሚባል ነገር እንዳልነበረበት ነገርኋቸው። እርሳሷን ማን እንደጠቆመ ግን አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም።

አስር አለቃው «ዶክተር፣ ና እንግዲህ» ብሎ ሊጠራው አፉን ሲከፍት መሪጌታው እጃቸውን አነሡ። «የተበደለ ሰው እንዲህ በዋዛ አይጠራም። ነገ መድኃኔ ዓለም ነው። መምህር ድንጋይ ተሸክሞ ይለምነው፤ እሱ ከአንገቱ ያንሣለት። ከዚያ ከማዕዱ ይቅረብ፤ አደራውንም ይናገር።» ሁላችንም «እውነት ነው፣ ደንቡ ነው» አልን። ደስ አለን፤ ከተያዝን ወዲህ በእጃችን የቀረ ደንብ ይህ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። ከባልዲው አጠገብ ዶክተር «እኔን ግን ዛሬም ይርበኛል» አለ። ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው ከእሱ ጋር አብረን ነበር። ዳቦውን ግን ለብቻው በላ፤ ደንቡ ነዋ።

ላላ ያለ ድንጋይ በቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የእርሳሷ ድንጋይ። እሱን ነቅዬ ከራስጌዬ አኖርሁት። የምለውንም አጠናሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ጠዋት፣ ቁርስ ሳይመጣ፣ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ወረቀት ይዟል። የዶክተርን ስም ጠራ። ዶክተር ተኝቷል፤ ደህናው ጆሮው ከታች ነው። ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። ሄጄ ትከሻውን ነክቼ «ይጠሩሃል» ያልሁት እኔ ነኝ።

ተነሥቶ ኮሮጆውን ሊያነሣ ሲል ጠባቂው «ዕቃህን ተው» አለ። ዕቃህን ያዝ ከተባለ ዝውውር ነው፤ ምናልባትም መፈታት። ዕቃህን ተው ከተባለ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ድንጋዩን አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና በፊቱ ጎንበስ አልሁ። ያጠናሁት ንግግር አንድ ቃል አልመጣልኝም። ጠባቂው «ይህ ደግሞ ምን ቲያትር ነው?» አለ። የዶክተር እጅ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ቀዝቃዛ ጣት ማጅራቴን ነካኝ። ወዲያው ጠባቂው ጎተተው፤ እጁ ሄደ። ድንጋዩ እኔው ላይ ቀረ።

ከበሩ ላይ ድምፁን ሰማሁ። «አስር አለቃ፣ የዛሬው ባልዲ ተራ የእኔ ነበር። ሳልደፋ በመሄዴ ይቅርታ።» በሩ ተዘጋ።

እንደጎነበስሁ ቆየሁ። «የኔታ፣ ያንሡልኝ» አልሁ። «የእኔ አይደለም ልጄ» አሉ። በራሴ እጅ አወረድሁት። በደንቡ ይህ አይቆጠርም።

ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክፈታ ድረስ የእሱ ተራ ሲደርስ እኔ ደፋሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። ማዕዘኑንም ለነጋዴው ለቀቅሁለት። ምሳ ላይ ማዕዱ ቀረበ። በዓል ስለነበር ከአንድ ቤት ሥጋ መጥቶ ነበር። መሪጌታው ባረኩ። በላን። ርቦን ነበር።

ብዙ ቀን ተከራከሩበት። መሪጌታው «እጁ ነክቶታል፤ ይቅር ብሎታል» ይላሉ። አስር አለቃው «መነካትና መነሣት ይለያያል» ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም አላውቅም። ስፈታ አርሲ ሄድሁ። ሁለት ገበያ ዞሬ ረጅም የከብት ክትባት ሠራተኛ ልጅ ያላት እናት ብዬ ጠየቅሁ። አርሲ ሰፊ ነው። ወንዞቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ የእሷን ስም ግን አላውቅም። ተመለስሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰው «ጋሼ፣ በራስዎ ሲቀልዱ እንዴት ደስ ይላል፣ እንዴት ትሑት ነዎት» ይለኛል። ትሕትና አይደለም። አፌ ከልጅነቱ ቀልድ ለምዷል፤ ዝም በል ብለው እምቢ ይለኛል። በዶክተር ከቀለድሁባት ከዚያች ከሰዓት ወዲህ ግን በሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ አልፈቅድለትም። የቀረሁለት እኔ ብቻ ነኝ።